ዓይኑ ዐ በሸማኔ ቤት

ደምለው ባዘዘው ከትምህርት ቤት ወጥቶ የት እንደሚገባ ለማወቅ ያልቧጠጥሁት ዳገት የለም። እኔ ነገር ሳላውቅ ካደርሁ እህል አይረጋልኝም፤ እናቴም «ይህ ልጅ ያልከፈተው እንስራ የለም» ትለኝ ነበር። ከደምለው ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ ቁርበት ላይ ነበር የምንተኛው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል ግን እሱ ቁልቁል በገበያው በኩል ወርዶ ይጠፋል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ይመለሳል። «የት ዋልህ?» ስለው «ሰው ዘንድ» ይለኛል። ሰው ዘንድማ ሁላችንም እንውላለን!

ጊዜው የሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ የካህናት ማሠልጠኛ ተከፍቶ፣ ቅኔ የተቀኘና ዜማ የዘለቀ ወጣት ዲያቆን ከየደብሩ እየተመረጠ ይገባበት ነበር። ሂሳብም፣ እንግሊዝኛም፣ የዓለም ካርታም እንማራለን። ከዚህ ሌላ ለፈለገ ሰው ዕብራይስጥ የሚባል ትምህርት ነበር። አስተማሪው መምህር ፍሥሐ ኢየሩሳሌም በገዳማችን ብዙ ዘመን ኖረው የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ናቸው።

ደምለው ከደብረ ኤልያስ ድረስ የመጣው ለዕብራይስጥ ብሎ ነው። ነገሩ ከልጅነቱ የጀመረ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው እንደሚያውቀው፣ መቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ የሚሉ ቃላት በየክፍሉ ራስ ላይ ቆመዋል። ሁላችንም ሸምድደናቸዋል፤ ማን እንደሆኑ የጠየቀ ግን የለም። ደምለው ጠየቀ። የዳዊት መምህሩ «ዝም ብለህ ድገም!» አሉት። እሱም ዝም ብሎ እየደገመ በልቡ የራሱን መልስ ሰጠ፤ የንጉሥ ዳዊት ባለሟሎች አደረጋቸው።

«ጋሜል በተለይ ጋሻ ጃግሬው ይመስለኝ ነበር» ብሎኛል ሲያጫውተኝ። «ሳምኬት ደግሞ ሴት ናት ብዬ ነበር። የእልፍኝ አስከልካዩ ሚስት።»

የዕብራይስጥ ፊደል መሆናቸውን የሰማው ጎርምሶ ቅኔ ቤት ከገባ በኋላ ነው። መምህር ፍሥሐ በመጀመሪያው ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሌፍን ሲጽፏት ደምለው ሳያስበው ብድግ አለና «አንተ ነህ እንዴ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ፍሥሐ ግን አልሳቁም። ጠመኔውን እንደያዙ ዘወር ብለው በደንብ አዩት።

በዕብራይስጥ ክፍል ለመቀጠል ፈተና ነበረው። ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ሊቅ መጥተው ያስነብባሉ፤ ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ወደ ደብሩ ይመለሳል። በደብራችን አገልግሎት ለሚጠብቀን ለኔና ለብጤዎቼ ይህ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። ለደምለው ግን መውደቅ ማለት ደብረ ኤልያስ ተመልሶ የአባቱን ሞፈር መጨበጥ ማለት ነው። አባቱ አቶ ባዘዘው «ቅኔውን ጨርሰሃል። የአይሁድ ቋንቋ ደግሞ ምን ሊሆንልህ ነው? ና እረስ!» ብለው ስንቅ መላኩን ትተውበታል።

ስንቅ የሌለው ተማሪ ምን ይበላል? የቆሎ ተማሪ ቢሆን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ወጉ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ማሠልጠኛው ግን ካኪ ሱሪ ለብሶ መለመን ያሳፍራል ብሎ ከልክሏል። እንግዲህ ደምለው ምን እየበላ ይኖራል? እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

አንድ ቀን ተከተልሁት። ከገበያው ግርጌ ወርዶ፣ የእስላም ነጋዴዎቹን ሱቆች አልፎ፣ ወደ ሸማኔዎቹ መንደር ታጠፈ። ቀስ ብዬ በአንድ ደጃፍ አጮልቄ ባይ፣ አንድ ሪዛም ሰውዬ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያውን ግራና ቀኝ ያመላልሳሉ። ደምለው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጦ ፈትሉን ቀሰም በሚሉት የመቃ ቁራጭ ላይ ያጠነጥናል፤ ከንፈሩ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ቀሰም ማጠንጠን በኛ አገር የሴትና የሕፃን ሥራ ነው። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ «ቤሬሺት ባራ ኤሎሂም» ይላል፤ የዘፍጥረትን መጀመሪያ በዕብራይስጥ።

«ግባ እንጂ፣ ሌባ ካልሆንህ» አሉኝ ሰውዬው ቀና ሳይሉ።

አያ አብዱረዛቅ ይባላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጠይባ ናቸው። ደምለው ከሰዓት በኋላ ቀሰም እያጠነጠነ፣ ድር እያደራ፣ ምሳና ራቱን እዚያው ይበላል። እትዬ ጠይባ ለክርስቲያን እንግዳ ብለው ለብቻ ያስቀመጡት ሳህን ነበራቸው፤ ዳቦና ሽሮ በሱ ያቀርቡለታል። ሥጋ በተሠራ ቀን አይሰጡትም፣ እሱም አይጠይቅም።

ደምለው አንገቱን ደፍቶ «ለማንም አትንገር» አለኝ። ገባኝ። በኛ አገር ሸማውን እንጂ ሸማኔውን የሚወድ የለም። ሰው ኩታውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ያንኑ ኩታ የሠራለትን ሰው «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ይሰድባል። ዲያቆን ሸማኔ ቤት፣ ያውም እስላም ሸማኔ ቤት ተቀጠረ ቢባል ወሬው ከደምለው ቀድሞ ደብረ ኤልያስ ይገባል።

አልነገርሁም። ከዚያ በኋላ እንዲያውም እኔም ብቅ ማለት አበዛሁ። ለወሬው ብዬ ነው እንዳልል የእትዬ ጠይባ ዳቦ ይታዘበኛል።

በዕብራይስጥ ክፍል ትልቁ ጣጣችን ዐ ነበረች። ቅኔ ቤት ሳለን በአልፋው አ ፈንታ ዓይኑን ዐ የጻፈ ተማሪ ቁጣ ይወርድበት ነበር። ልዩነታቸውን በዓይናችን እናውቃለን፤ በጆሮው የሰማ ግን አንድም ሰው የለም። ለአማራ አፍ ሁለቱም አ ናቸው። መምህር ፍሥሐ «በዕብራይስጥ እንዲህ አይደለም!» ይላሉ። መዳፋቸውን ጉሮሯቸው ላይ ያደርጉና «ከዚህ! ከሥር! ኢየሩሳሌም ሳለሁ ያስተማሩኝ የየመን አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲሏት ደረታቸው ድረስ ይሰማ ነበር!» እያሉ ራሳቸው ያሳዩናል። እኛም መዳፋችንን ጉሮሯችን ላይ አድርገን እንከተላቸዋለን። ክፍሉ በሙሉ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። በትግርኛ ዐ ዛሬም በአፍ ስለምትሰማ፣ ከትግራይ የመጣ አንድ ተማሪ ቢኖረን ኖሮ በአንድ ቀን ያወጣን ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ሁላችንም የጎጃም ልጆች ነን።

አንድ ጠዋት ደምለው ተራው ደርሶ ሊያነብ ተነሣ። የሚነበበው «እስራኤል ሆይ፣ ስማ» የሚለው ቃል ነው፤ በግእዙ «ስማዕ እስራኤል»፣ በዕብራይስጡ «ሽማዕ ይስራኤል»። ከመጀመሪያዋ ፊደል በታች ያለችውን የአናባቢ ነጥብ ሳታት፤ ዐም አልወጣችለትም። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሸማ ይስራኤል!» አለ።

መምህር ፍሥሐ ግራ ገብቷቸው «የምን ሸማ?» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠው ውበቱ፣ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ይህን ጊዜ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተቀበለ። «የአሠሪው ሸማ ነዋ! የኔታ፣ ይህ ልጅ እኮ እስላም ሰፈር ቀሰም ሲያጠነጥን ነው የሚውል!»

ከዚያ ያለውን ሳቅ አልነግራችሁም። ደምለው መጽሐፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። በሳምንቱ ማሠልጠኛው በሙሉ «ሸማ እስራኤል» ይለው ጀመር። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሲያላግጥ አይጣል ነው፤ ሰሙን ሸማ ወርቁን ቁጢት እያደረጉ ያልተቀኙበት አልነበረም። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አስጠሩት።

«ወይ ዕብራይስጡን፣ ወይ ቀሰሙን» አሉት። «እስከ ፈተናው ታግሼሃለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ አላይም።»

ደምለው የዚያን ዕለትም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ገበያው ወረደ። ኃላፊው እስከ ፈተናው ቢታገሡም ሆድ አይታገሥም።

እንግዲህ አያ አብዱረዛቅ ከሰዓት በኋላ ከጉድጓዱ ወጥተው፣ ታጥበው፣ በምንጣፋቸው ላይ አስር የሚባለውን የከሰዓት ሰላት ይሰግዳሉ። በዚያ ሰላት ቁርአኑ በልብ ነው የሚባለው፤ ካጎነበሱበት ቀና ሲሉ ግን ድምፃቸውን ያወጡና «ሰሚዐላሁ ሊመን ሐሚደህ» ይላሉ፤ አላህ ያመሰገነውን ይሰማል ማለት ነው። በልጅነታቸው ወሎ ሄደው ቁርአን የቀሩ ሰው ናቸው፤ ቃሉን አያበላሹም። ደምለው ለወራት ሲሰማው ኖሯል፤ አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ቀሰሙ እጁ ላይ ቆመ። እኔም አጠገቡ ነበርሁ።

«ሰማህ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ሰሚዐ። ሰምዐ። ሽማዕ። አንድ ቃል ነው እኮ! ዐዋ ደግሞ… ዐዋን ሰማሃት?»

እውነቱን ለመናገር እኔ የሰማሁት አ ነው። ደምለው ግን ፊቱ በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈትል እያጠነጠነ «ሰሚ…ዐ፣ ሰሚ…ዐ» እያለ ጉሮሮውን ሲያስጨንቅ ይውል ጀመር። ጎጆው ውስጥ ፍየል የታሰረ ይመስል ነበር።

ይህ ነገር አንድ ቀን እትዬ ጠይባን አስቆጣቸው። «ሰላታቸውን ይቀልድበታል!» ብለው ለባላቸው ነገሩ። አያ አብዱረዛቅ መወርወሪያውን አስቀመጡ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ደምለው፣ እኔ ባንተ ጸሎት ስቄ አውቃለሁ?»

«ኧረ የለም አያ አብዱረዛቅ! ቀልድ አይደለም፤ በሞቴ ይመኑኝ!» ደምለው ተንበርክኮ ሊለምናቸው ደረሰ። «እኔ የምማረው ቃል ውስጥ ይችው ድምፅ አለች። ከኛ አፍ አትወጣም። ከእርስዎ አፍ ስትወጣ ሰማኋት።»

«ምን የሚል ቃል ነው?»

«እስራኤል ሆይ፣ ስማ፤ ጌታ አምላካችን አንድ ጌታ ነው ይላል።»

አያ አብዱረዛቅ ሪዛቸውን እያሹ ጥቂት አሰቡ። «አንድ ነው ይላል?»

«አንድ ነው ይላል።»

«እንግዲያ አታበላሸው!» አሉ። እግራቸውን ከጉድጓዱ አወጡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ጉሮሮህን አትነቀው። አንተ ዐን እንደ ዶሮ ልታርዳት ነው እንዴ የምትታገላት? ልቀቃት። ውሃ ልትውጥ ስትል ጉሮሮህ የሚጠብባት ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ ድምፅህን ስደድ።»

ያን ቀን አልወጣችም። በማግሥቱም አልወጣችም። ሽመናው ሊጓደል ሆነ፤ አያ አብዱረዛቅ እግራቸው እርግጫው ላይ እንዳለ «በል!» ይሉታል፣ እሱ ይላል፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እትዬ ጠይባ ሳይቀሩ ከጓዳ «አሁን ትንሽ ቀረበች!» ማለት ጀመሩ። ከሆሳዕና በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ደምለው ድር እያደራ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ እንዲያው ሳይታገል «ሽማዕ» አለ። ሦስታችንም ዞር ብለን አየነው። እኔ እንኳ ሰማኋት!

ፈተናው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሊቅ ግዙፍ፣ ቶሎ የማይስቁ ሰው ነበሩ። ኃላፊው በቀኛቸው፣ መምህር ፍሥሐ በግራቸው ተቀመጡ። እኔ አነበብሁ፤ ውበቱ አነበበ፤ ሁላችንም እንደ ልማዳችን አ እያልን አለፍን። የደምለው ተራ ደረሰ።

«ሽማዕ ይስራኤል…»

ሊቁ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ድገመው።»

ደገመው።

«ይህን ጉሮሮ ከየት አመጣኸው? ይህ የእስላም ጉሮሮ ነው።»

ደምለው ሳይመልስ መምህር ፍሥሐ ተነሥተው ቆመዋል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ይህች ናት!» አሉ። «ይህች ናት! ከኢየሩሳሌም ከወጣሁ ወዲህ አልሰማኋትም!»

«እርስዎ ካስተማሯቸው የሌሎቹ ለምን እንዲህ አልሆነም?» አሉ ሊቁ።

መምህር ፍሥሐ ወደ እኛ ዞሩ፤ አፍረዋል። «ጆሮዬ እንጂ አፌ አያውቃትም። ዓመት ሙሉ እጄን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ ያሳየኋችሁ ተራውን አ ነው። አላወጣኋትም። አውጥቻትም አላውቅም።»

እኔ ደነገጥሁ፤ ሳቄም መጣ። ያን ያህል ቀን አጥንት እንደተሰነቀረበት ስናስል የኖርነው ለካ ራሱ የተሰነቀረበትን ሰው እየተከተልን ነው!

ሊቁ ግን ወደ ደምለው ተመለሱ። «ከማን ተማርሃት?»

ይህን ጊዜ ዝም ቢል፣ ወይም «ከመምህሬ እግር ሥር ሆኜ በትጋት» ብሎ ነገሩን በቅኔ ቢያድበሰብሰው ማንም አያጣራበትም ነበር። ደምለው ግን «ከአሠሪዬ ከአያ አብዱረዛቅ ነው። ሲሰግዱ ሰምቼ፣ ኋላም እሳቸው አርመውኝ» አለ።

ሊቁና ኃላፊው ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ሊቁ እንዲህ አሉ፦ «ንባቡ አልፏል። ነገር ግን የማሠልጠኛው ሰው ሸማኔ ቤት አይታይም። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ የተገኘ ከዚህ ይሰናበታል።»

«ታዲያ ምን ልብላ ጌታዬ?» አለ ደምለው።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ ሊቁ፤ ቀጣዩን ተማሪ ጠሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብሬው ወረድሁ። ሊሰናበታቸው ነው የሄደው። አያ አብዱረዛቅ ሲያዩት «አለፍህ?» ብለው ጮኹ፤ «አለፍሁ» አላቸው። እትዬ ጠይባ እልል ሊሉ ሲሉ የቀረውን ነገራቸው። እልልታው አፋቸው ላይ ቀረ። አያ አብዱረዛቅም የጀመሩትን ጥለት ያዩ ጀመር። ዳቦውም ያን ቀን አልዋጥ አለኝ።

ይህን ጊዜ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መምህር ፍሥሐ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ጥምጥማቸው መቃኑን ገጭቶ ጭራሽ ተጣመመ።

«አያ አብዱረዛቅ እርስዎ ነዎት?» አሉ።

አያ አብዱረዛቅ ከጉድጓዱ ለመውጣት ተጣደፉ። «አዎ የኔታ። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ምን ልታዘዝ?»

«የአስር ሰላት ደርሷል?»

«አሁን ልታጠብ ነበር።»

«እንግዲያ ይስገዱ። እኔ እዚህ ጥግ እቀመጣለሁ።» ወደ ደምለው ዞሩ። «አንተ ምን ቆመሃል? ቀሰሙን ያዝ እንጂ።»

«እዚህ የተገኘ ይሰናበታል ተብሏል የኔታ።»

«ሰምቻለሁ። መጀመሪያ እኔን ያሰናብቱኛ!» አሉ። ቁጣቸውን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት። ከደምለው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ጠይባ አንዴ እኛን አንዴ እሳቸውን ካዩ በኋላ ፈትልና ቀሰም አቀበሏቸው።

አያ አብዱረዛቅ ሰገዱ። ካጎነበሱበት ቀና ብለው «ሰሚዐላሁ» ሲሉ መምህር ፍሥሐ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሳቸው ብቻ፣ «አ» አሉ። ደምለው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፤ አልሆነችም።

በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ፈትሉን ያወሳስቡታል፣ እትዬ ጠይባ ይፈቱታል። ከተማው ጉድ አለ። ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሌላ መምህር ከጎጃም እስከ ሸዋ ቢፈለግ የሚገኝ አልነበረም፤ ኃላፊው ይህን ያውቃሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ራሳቸው መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኔ አፌ ውስጥ የነበረውን ሳላኝክ ዋጥሁት።

«መምህር!» አሉ ኃላፊው። «እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

መምህር ፍሥሐ ከተወሳሰበው ፈትል ቀና አላሉም። «እማራለሁ» አሉ።

ኃላፊው ወደ ደምለው ዞሩ። «አንተስ?»

«እኔማ እሠራለሁ ጌታዬ።»

ኃላፊው ጥቂት ቆመው አዩን። ከዚያ አያ አብዱረዛቅን «ደህና ዋሉ» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ደምለው ልብሱን አጥቦ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ከኔ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የሚጠሩት ኃላፊው ራሳቸው ነበሩ። የኔን ስም ጠሩና ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ «ደምለው ባዘዘው» አሉ።

«አቤት» አለ።